ከክሩ በላይ ያሉ ቅጠሎች

ሌስተር ድራየር በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። «ዩኒቨርሲቲ» ነው የሚለኝ። መኪናዬ በሩ ላይ ስትቆም «ዩኒቨርሲቲ መጣች» ይላል፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ላለ ሰው። ሰው ከሌለም ለትራክተሩ ይናገራል።

ዘጠኝ ማይል የሚባለውን ቦይ ተከትለው ጥጥ የሚያመርቱ አሥራ አንድ እርሻዎች ናቸው በጋራ የቀጠሩኝ። ሥራዬ ነጭ ዝንብ መቁጠር ነው። ጠዋት ማሳ ውስጥ እገባለሁ፣ ከተክሉ አናት አምስተኛውን ቅጠል ቀስ ብዬ እገለብጣለሁ፣ ከጀርባው የተቀመጡትን ቆጥሬ እጽፋለሁ፣ ወደሚቀጥለው ተክል እሄዳለሁ። ነጭ ዝንብ ከስኳር ቅንጣት አይበልጥም። ጥፋቱ ከሚመጥጠው ይልቅ የሚጥለው ነው፤ ማር የመሰለ የሚያጣብቅ ነገር ይጥላል፣ እሱም በፈነዳው ጥጥ ላይ ይንጠባጠባል። የተጣበቀ ጥጥ የፈትል ማሽን ያንቃል። ከአንድ እርሻ የወጣ አንድ ጭነት የአሥራ አንዱንም ስም ያጠፋል።

የቀረን መድኃኒት አንድ ነው። ሌሎቹን ዝንቡ ለምዷቸዋል። ይሄኛው እንደ ድሮዎቹ መርዞች አይገድልም፤ እጭን፣ ገና ክንፍ ያላወጣውን የዝንብ ልጅ፣ በልጅነቱ የሚያቆየውን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። እጩ የሚያድግበት ቀን ሲደርስ ሰውነቱ ገና ልጅ የሆነ ይመስለዋል። ቆዳውን መጣል ይጀምርና መሐል ላይ ይቀራል፤ ግማሹ ዝንብ፣ ግማሹ እጭ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይደርቃል። ክንፍ ያወጣው አይሞትም፣ የሚጥለው እንቁላል ግን አይፈለፈልም። ይህ ሁሉ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ የዝንብ ደመና ለሚያይ ገበሬ ሁለት ሳምንት ሁለት ዓመት ነው።

ይሄኛውንም እንዳይለምደው ሕግ አለ። እያንዳንዱ እርሻ በአንድ በጋ አንድ ጊዜ ብቻ ይረጫል፣ ጃንዋሪ ሳይወጣ። የረጨበት ቀን በጥጥ መዳመጫው ሻይ ክፍል ግድግዳ ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ከስሙ ጎን ይጻፋል። ሁለቴ የረጨ የሚቀጥለውን በጋ መድኃኒቱን አያገኝም፤ መድኃኒቱን ያላገኘ ጥጥ አይዘራም። ሕጉን የጻፈው ሌስተር ነው። ሰብሳቢውም እሱ ነው።

በርጭቱ ቀን እኔ በየማሳው አሥር ተክል መርጬ በዚያን ቀን ጫፍ ላይ ካለው ቅጠል ሥር ቀይ የሱፍ ክር አስራለሁ። መድኃኒቱ ባረፈበት ቅጠል ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ወደ ላይ አይጓዝም። ከዚያ ቀን በኋላ የበቀለ ቅጠል ስለ መድኃኒቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ከክሩ በታች ደረቅ እጭ፣ ከክሩ በላይ ደግሞ ነፋስ ካመጣው ዝንብ የተፈለፈለ ጤነኛ እጭ መኖር አለበት። ጤነኞቹ ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ጥቃቅን ተርቦች ይጨርሷቸዋል።

ሌስተር ጃንዋሪ አሥራ ሁለት ቀን ረጨ። በዘጠነኛው ቀን ለአሥሩም እርሻ ስልክ ደውሎ ዩኒቨርሲቲ ውኃ እንደሸጠችላቸው ነገራቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን ቁጥሩ ሲወርድ ሙቀቱ ነው የገደላቸው አለ። አልተከራከርኩትም። ለእሱ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው፣ ያውም ድንጋዩ እየሰደበሽ።

ፌብሩዋሪ ሃያ ቀን የምሥራቁ ማሳው ውስጥ ነበርኩ። ይህ ማሳ ለመንገዱ ቅርብ ነው፤ በአጥሩ ማዶ የኖሊን ፖካሪየር እርሻ ይጀምራል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ክር አግኝቼ ከሱ በላይ ያለውን ቅጠል ገለበጥኩ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። እጮቹ ደርቀዋል። አንደኛው ጭንቅላቱን ከቆዳው አውጥቶ እንደዚያው ቀርቷል። ሌላ ተክል፣ ያው። ስድስት ክር አየሁ፣ ስድስቱም ያው ነው። መድኃኒቱ ሊደርስበት የማይችል ቅጠል ላይ መድኃኒቱ ደርሷል። ማለትም አንድ ሰው በፌብሩዋሪ ለሁለተኛ ጊዜ ረጭቷል።

ሕጉን የጻፈው ሰውዬ! ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለሚያኮራኝ አይደለም፤ ስለሆነ ነው።

የምዕራቡ ማሳ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። አልሄድኩም። የምፈልገውን አግኝቼ ነበር።

ሌስተር ፒክአፑን ሞተሩ እንደበራ ከጎኔ አቆመና ስንት እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። ጥቂት አልኩት። ታዲያ ፊትሽን ምን አጠቆረው አለኝ።

«ሁለተኛ ረጭተሃል?»

ሞተሩን አጠፋ። በአንድ ዓመት ውስጥ እኔን ለማናገር ሞተር ሲያጠፋ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ወደ አጥሩ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«አልረጨሁም።»

«ቅጠሉ ረጭተሃል ይላል።»

«እንግዲያው ቅጠሉን ፍርድ ቤት አቅርቢው» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መዳመጫው ሻይ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። አሥራ አንዱም መጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ ሥጋ የተጠቀለለበት ዳቦና የቲማቲም ድልህ አለ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ስብሰባው ሲያልቅ የሚከፈት ቢራ። ትሬቨር ሃስ የሚባለው፣ በየስብሰባው ካልቀለደ የሚታመመው ሰውዬ፣ ዝንቦቼ ሁሉ በደህና መክረማቸውን፣ ያገባ እንዳለ፣ የወለደ እንዳለ ጠየቀኝ። የሚወልዱት አንተ ማሳ ውስጥ ነው አልኩት። ሳቁ። የዚያን ቀን መጨረሻው ሳቅ እሱ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ፣ እርሳስና ወረቀት ሳልይዝ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ስለ ክሩ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ስድስቱ ተክል በአጭሩ ነገርኳቸው። ከዚያ ብዕሩን አንሥቼ ከሌስተር ስም ጎን፣ ከጃንዋሪ አሥራ ሁለት ቀጥሎ፣ «ፌብሩዋሪ፣ ሁለተኛ ርጭት» ብዬ ጻፍኩ።

ማንም ሌስተርን አላየውም። ሁሉም ያዩት እኔን ነው። እዚህ አገር ጎረቤትህን በቡጢ ብትመታው በሳምንቱ አብሮህ ይጠጣል፤ ብታሳብቅበት ግን ልጆችህም ይታወቁበታል። ይህን አውቃለሁ፣ እዚሁ ነው ያደግኩት። ግን አንድ መድኃኒት ብቻ የቀረው ሸለቆ ይህን ዓይነት ጨዋነት አይችለውም ብዬ ነበር።

ትሬቨር ጉሮሮውን ጠርጎ ምናልባት ነፋስ ከሌላ እርሻ አምጥቶት እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ሌስተርን ለማዳን የተወረወረ ገመድ አድርጌ ነው የሰማሁት።

«በዚያ በኩል ያለችው ኖሊን ብቻ ናት» አልኩ። «ኖሊን ጃንዋሪ አሥራ አራት ረጭታለች፣ ሰሌዳው ላይ አለ። ሌላ ጥያቄ?»

ኖሊን ፖካሪየር ሻይዋን ታማስል ነበር። ስኳር እንደማትጨምር አውቃለሁ፤ ከአሥራ አንዱ እርሻ ቁጭ ብዬ ሻይ የምጠጣው እሷ ቤት ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱም «ሆዴ» ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት። ቀና አላለችም።

ሌስተር ተነሣ። የማነቢያ መነጽሩን አደረገ። «ሕጉን አነባለሁ» አለ።

ሕጉ ሦስት መስመር ነው። ለሌላ ሰው እንደሚያነብ አድርጎ አነበበው፣ ድምፁን ሳይጨምር ሳይቀንስ። ከዚያ የሚቀጥለው በጋ የመድኃኒት ድልድል ወደተጻፈበት የሰሌዳው ጥግ ሄዶ ድራየር የሚለውን በገዛ እጁ ሰረዘው። ብዕሩን ወደ እኔ አልመለሰውም፤ መሬት ላይ ጣለው። ሰዎቹ እየተነሡ ወጡ። ቢራው ሳይከፈት ቀረ። ከኋላዬ አንዱ «አሳባቂ» አለ፣ ማን እንደሆነ ለማየት አልዞርኩም።

ቅዳሜና እሑድ ማንም ስልክ አልደወለልኝም። እኔ ደግሞ እውነት የተናገረ ሰው የሚተኛውን እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ የወሩን ቅጽ ስሞላ የሌስተር ምዕራብ ማሳ መስመር ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቅጹ ሁለቱንም ማሳ ይጠይቃል። ሰብሳቢነቱን ገና ስላልለቀቀ ፈርሞ የሚቀበለኝም እሱ ነው፤ ቅጹ ጎድሎ ካየ መልሶ እንደሚወረውርልኝ ስለማውቅ ሄድኩ። በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ክሩን አገኘሁ። ከክሩ በላይ ያለውን ቅጠል ገለበጥኩ።

እጮቹ ሕያው ነበሩ። ወፍራምና ቢጫ፣ ቀይ ዓይናቸው ከቆዳቸው ሥር የሚታይ። ከጎናቸው በትክክል አድገው የወጡት ጥለውት የሄዱት ባዶ ቆዳ አለ፣ ጀርባው ላይ በደንብ ተሰንጥቋል። ሁለተኛውን ክር አየሁ። ሦስተኛውን። አሥሩንም አየሁ። እዚህ ማሳ ላይ ከጃንዋሪ ወዲህ አንድ ጠብታ አልወደቀም።

አንድ ሰው ሁለተኛ ሊረጭ ቆርጦ ግማሹን ብቻ ይረጫል ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ። ለመንገዱ ቅርብ የሆነውን፣ ሰው ሁሉ የሚያየውን ግማሽ?

ወደ ምሥራቁ ማሳ ተመለስኩና በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ጀምሬ ወደ ውስጥ በእግሬ ቆጠርኩ። አጥሩ ሥር አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ያለው እጭ በሙሉ ደርቋል። መቶ ሜትር ገባ ስል ከአሥሩ ስድስቱ። ሁለት መቶ ላይ ሁለቱ። ሦስት መቶ ሜትር ላይ ሁሉም ሕያው ነው። በማሽን የተረጨ ማሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ እንዲህ እየሳሳ የሚሄደው ነፋስ ያመጣው ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየኋቸው ስድስት ክሮች ስድስቱም ለአጥሩ ቅርብ ነበሩ፣ መኪናዬን ያቆምኩት እዚያ ስለነበር።

ኖሊን መሣሪያ ቤቷ ውስጥ የመርጫዋን አፈሙዞች ፈታታ እያጠበች ነበር። ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ማሳዋ ገብቼ ከክሩ በላይ አይቼ ነበር፤ እጩ በሙሉ ደርቋል። ጃንዋሪ ላይ የራሴ እጅ ያሰረው ክር ነው። ከዚያ ወዲህ ለቆጠራ አራት ጊዜ መጥቼ አራት ጊዜ ከክሩ በታች ብቻ አይቼ፣ ቁጥሩን ጽፌ፣ ሻይዬን ጠጥቼ ሄጃለሁ።

«አየሽው» አለች፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃኑ ይዛ እያየች።

«አየሁት። መቼ ነው?»

ፌብሩዋሪ ሦስት፣ ጎህ ሲቀድ አለች። ዘግይታ እንደዘራች፣ ከቦዩ ማዶ ያለው የሐብሐብ እርሻ ሲለቀም ዝንቡ በሙሉ እሷ ላይ እንደወረደ፣ ፍሬው ሊፈነዳ ሳምንት ሲቀረው ቅጠሉ እጅ ላይ ይጣበቅ እንደነበር ነገረችኝ። ንፋሱ የዞረው ግማሹን ከረጨች በኋላ ነው። ልታቆም ትችል ነበር። አላቆመችም።

«ሌስተር አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየኝ።»

«ዓርብስ? ሕጉን ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጠሽ አልነበር?»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ እኔ አይደለሁም። እንኳን እኔ፣ አንቺም እኔን አልጠረጠርሽም። በአፍሽ ከሰሌዳው ላይ አነበብሽልኝ እኮ፣ ኖሊን አሥራ አራት ረጭታለች ብለሽ።» አፈሙዙን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። «አሁን ትናገሪያለሽ?»

«አዎ።»

«በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ማን በር ይከፍትልሻል፣ ሆዴ?»

ቃሉ ያው ቃል ነበር።

ሌስተርን ያገኘሁት ቦዩ ላይ ፓምፕ ሲፈታ ነው። ከመኪናዬ ሳልርቅ፣ ቆጠራዬ ልክ እንዳልነበረ፣ ሁለተኛ እንዳልረጨ፣ ከየት እንደመጣም እንደማውቅ ነገርኩት። ይቅርታ አልኩት። ቀና ሳይል ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ።

«መሳሳትሽን አውቃለሁ» አለ። «ያልረጨሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ላሳብቅ?»

ከኖሊን ጋር አሥራ አንድ ዓመት እንዳልተነጋገሩ አገር ያውቃል። በድርቁ ዓመት የቦዩን መዝጊያ ሰብራ የእሱን ተራ ውኃ ወስዳለች፣ እሱም አጸፋውን የከብቶቿን መሄጃ በሽቦ ዘግቶባታል። እንዲህ የምትጠላትን ሴት ለማዳን ነው ወይ ጥጥህን የምትተወው አልኩት።

«ማን አዳናት? ብትሞት ቀብሯ ላይ አልቆምም። ማሳበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያንን ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም።» ብሎኑን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። «ሽምብራ እዘራለሁ።»

ሌስተር ድራየር በሕይወቱ ሽምብራ ዘርቶ አያውቅም። አባቱም አልዘራም።

ሰሌዳውን ማስተካከል አለብኝ አልኩት። ያኔ ነው የተነሣው። ረጅም ሰው ነው፣ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ሰሌዳውን እንዳትነኪው። አንዴ በስሜ ተጫወትሽ፣ ዝም አልኩሽ። አሁን ደግሞ መጥተሽ በአሳባቂዋ አፍ ኖሊንን አሳበቀባት እንድባል ልታደርጊኝ ነው? ተነግሯል፣ ተነቧል፣ ተሰርዟል። አልቋል።»

«አላለቀም» አልኩት። «ያንተን ስም ለማጽዳት አይደለም፤ ስምህ ገደል ይግባ። ሁለቴ መድኃኒት የቀመሰው ዝንብ ያለው እሷ ማሳ ላይ ነው። ከዚያ የተረፉት ናቸው መልመድ የሚጀምሩት። ሰሌዳው አንተ ነህ ካለ፣ የሚቀጥለው ጃንዋሪ አንተ ትቀራለህ፣ እሷ ሦስተኛ ትረጫለች። ከዚያ አሥራ አንዳችሁም ሽምብራ ትዘራላችሁ።»

ብሎኑን ከጨርቁ ላይ አነሣ።

«ሰሌዳውን ከነካሽ እርሻዬን አትረግጪም።»

«እሺ» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ሻይ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ከሌስተር ስም ጎን የጻፍኩትን በመዳፌ አጠፋሁት። የሚቀጥለው በጋ ድልድል ላይ የተሰረዘውን ስሙን እንደገና ጻፍኩ። ከኖሊን ስም ጎን፣ ከጃንዋሪ አሥራ አራት ቀጥሎ፣ ፌብሩዋሪ ሦስት አልኩ። እጄ ለእሷ ስትጽፍ ለእሱ እንደጻፈችው አልፈጠነችም፤ ይሄም እኔን የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። ከሥሩ፣ ቦታ ባለበት፣ ዓርብ ዕለት የተነገረው ቆጠራ ስሕተት መሆኑን፣ ምዕራቡን ማሳ ሳላይ መናገሬን ጽፌ ስሜን በሙሉ አኖርኩ።

ዞር ስል ሌስተር በሩ ላይ ቆሟል። ተከትሎኝ መጥቷል። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። የራሱን ስም ሲያይ ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የእኔ ስም ጋ ሲደርስ ግን ቆየ።

«ዓርብ ሕጉን እንደገና ታነባለህ» አልኩት።

«አነባለሁ። ሰብሳቢ ነኝ።» የመነጽሩን እግር አጠፈ። «ካነበብኩ በኋላ እሷም አትፈልግሽም፣ እኔም አልፈልግሽም፣ የቀሩት ዘጠኙም በየጓዳቸው የሠሩት ነገር አለ። አሥራ አንድ በር ነው የዘጋሽው፣ ቲጋን።»

«እስከ መኸር ሌላ ቆጣሪ አታገኙም።»

«አናገኝም» አለ። «በሩ ግን ዝግ ነው።»

ሐሙስ የቆጠራ ቀን ነበር። እንዳለውም የሌስተር በር በአዲስ ሽቦ ሦስት ዙር ታስሯል፣ የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ተጠምዝዟል፤ ሰውዬው ለአንድ በር ግማሽ ቀን ሳይፈጅበት አልቀረም። እሱ ራሱ ከማሳው ማዶ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አልጮኸም፣ አልመጣም። ጫማዬን አጠበቅኩ፣ ቅጾቹን ወዲያ ማዶ ወረወርኩና በበሩ ላይ ተሻገርኩ።